ከወዳደቁ ዕቃዎች የሚሠሩ የዶሮ መመገቢያዎች፦ ወጪ ቆጣቢነታቸው ከደኅንነት ጋር እንዲጣጣም

የዶሮ እርባታ በአነስተኛ ካፒታልና በጠባብ ቦታ ሊጀመር የሚችል፣ በአጭር ጊዜም ገቢ የሚያስገኝ ዘርፍ በመሆኑ በገጠርም ሆነ በከተማ ለበርካታ ሴቶችና ወጣቶች የሥራ በር ከፍቷል። በአገሪቱ ከ50 ሚሊዮን በላይ ዶሮዎች እንደሚገኙ የስታቲስቲክስ መረጃዎች የሚያመለክቱ ሲሆን፣ አብዛኞቹም በየአርሶ አደሩ ጓሮ የሚረቡ የአገር ውስጥ ዝርያዎች ናቸው። በኅዳር ወር 2015 ዓ.ም በአርባ ምንጭ ከተማ ይፋ የሆነው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብርም ዶሮና እንቁላልን ከወተት፣ ከማርና ከዓሣ ጋር የቤተሰብን የምግብ ሥርዓት ለማሻሻል ከተመረጡ ምርቶች ተርታ አሰልፏቸዋል።

ይህንኑ ተከትሎ የተሻሻሉ ዝርያዎች ወደየቤተሰቡ በስፋት በመግባት ላይ ናቸው። የአገር ውስጥ ዶሮ በአብዛኛው ደጅ ውላ፣ ጭራና ለቃቅማ የምታድር ናት። የተሻሻለችው ዶሮ ግን ከምትሰጠው የእንቁላል ብዛት አንጻር የተመጣጠነ መኖ በየዕለቱ ማግኘት ስላለባት፣ ኑሮዋ በተከለለ ቤት ውስጥ፣ ምግቧም ከመመገቢያ ዕቃ ላይ ነው። በመሆኑም ቀደም ባለው ጊዜ በገጠሩ ቤት ብዙም የማይታወቀው የዶሮ መመገቢያ ዛሬ ለእርባታው የግድ አስፈላጊ ከሆኑ ዕቃዎች አንዱ ሆኗል።

በፋብሪካ ወይም በብረታ ብረት ሥራ ቤቶች የሚመረቱ መመገቢያዎች ለጀማሪ አርቢ በዋጋ የሚቀመሱ ባለመሆናቸው፣ አብዛኛው ቤተሰብ በእጁ ያለውን ዕቃ ወደ መመገቢያነት መለወጡ የተለመደ ነው። የዘይት ጀሪካን በቁመቱ ተቆርጦ ገንዳ ይሆናል፤ በተለምዶ “ሃይላንድ” እየተባለ የሚጠራው የውሃ ፕላስቲክ ተገልብጦ ከሳህን ጋር ይታሰራል፤ የቲማቲም ድልህና የወተት ዱቄት ጣሳ፣ አሮጌ ባልዲ፣ የቆርቆሮ ቁራጭ፣ ቀርከሃ፣ ገበቴና ሰባራ ሸክላም ለዚሁ አገልግሎት ይውላሉ። ይህ የሚያስነቅፍ አይደለም። በአግባቡ ከተሠራ በጀሪካን የተሠራ መመገቢያ ከገበያ ከተገዛው የማይተናነስ አገልግሎት ይሰጣል።

ሊሰመርበት የሚገባው ጉዳይ ሌላ ነው። መመገቢያ ዶሮዋ በቀን ውስጥ ደጋግማ መንቆሯን የምታስገባበት፣ ከእርሱም የተመገበችው ተመልሶ በእንቁላልና በሥጋ አማካይነት ወደ ቤተሰቡ ገበታ የሚመጣበት ዕቃ ነው። ስለሆነም ጥያቄው መመገቢያው በስንት ብር ተሠራ የሚለው ብቻ ሳይሆን ከምን ተሠራ፣ ጠርዙ ምን ይመስላል፣ በምን ከፍታ ተቀመጠ፣ በምንስ ሁኔታ ይጸዳል የሚለውም ጭምር ነው።

ዕቃው ቀድሞ ምን ነበረበት?

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻው የዕቃው የቀድሞ አገልግሎት ነው። ለምግብ ዘይት፣ ለውሃ፣ ለድልህ ወይም ለወተት ዱቄት ያገለገለ ዕቃ በሙቅ ውሃና በሳሙና ታጥቦ፣ በፀሐይ ደርቆ ለመመገቢያነት ሊውል ይችላል። የፀረ ተባይና የፀረ አረም መድኃኒት፣ የሞተር ዘይት፣ ነዳጅ፣ ቀለም ወይም የባትሪ አሲድ የነበረበት ዕቃ ግን የቱንም ያህል ቢታጠብ ለዶሮ መኖም ሆነ ለመጠጥ ውሃ ሊውል አይገባም። ፕላስቲክ የያዘውን ኬሚካል በከፊል ወደ ውስጡ የመምጠጥ ባሕርይ ስላለው፣ ላዩ ቢጸዳና ሽታው ቢጠፋ እንኳ የመጠጠውን ቀስ በቀስ ሊለቅ ይችላል።

በዚህ ረገድ አንድ የተለመደ ስህተት አለ። ባዶ የፀረ ተባይ ዕቃዎች ሦስት ጊዜ በውሃ ተለቅልቀው፣ ዳግም አገልግሎት እንዳይሰጡ ተበስተው መወገድ እንዳለባቸው በግብርና ሥልጠናዎች ይነገራል። አንዳንድ ተጠቃሚዎች ታዲያ “ሦስት ጊዜ ታጥቧል” የሚለውን “ንጹሕ ሆኗል” እንደማለት ይወስዱታል። ሦስት ጊዜ መለቅለቁ ዕቃው በሚወገድበት ጊዜ የሚያደርሰውን ጉዳት ለመቀነስ የሚደረግ እንጂ ለምግብ ዕቃነት የሚያበቃው አይደለም። መብሳቱም ለዚሁ ነው፤ ማንም ሰው ዕቃውን ወስዶ መልሶ እንዳይገለገልበት ለማድረግ።

ከጀሪካን ሌላ በቀላሉ የማይጠረጠሩ ዕቃዎችም አሉ። ምርጥ ዘር በመድኃኒት ታሽቶና ቀለም ተቀብቶ የሚቀርብበት ጆንያ ለመኖ ማስቀመጫነት መዋል የለበትም። የመኪና ባትሪ ቀፎ ገንዳ መስሎ ቢታይም የእርሳስ ብክለት ያለበት ነው። አሮጌ ቀለም የተቀባ ጣውላና ቆርቆሮም እንዲሁ አጠራጣሪ ነው። በኢትዮጵያ በቀለም ውስጥ የሚገባውን የእርሳስ መጠን የሚገድብ ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት የተቀቡ ዕቃዎች ከፍተኛ እርሳስ ሊኖራቸው እንደሚችል መገመት ተገቢ ነው። ዶሮ የተላላጠ ቀለም እየነቀለች የመብላት ልማድ ያላት ሲሆን፣ በሰውነቷ የገባው እርሳስ ወደ እንቁላሉ አስኳል ይተላለፋል። እርሳስ በሕፃናት የአእምሮ ዕድገት ላይ ጉዳት የሚያደርስ መሆኑ ደግሞ በሳይንስ የተረጋገጠ ነው። እንዳይበሰብስ በኬሚካል የተነከረ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ቁራጭም በተመሳሳይ ምክንያት ለመመገቢያነት አይመረጥም።

ጥቂት ብክለት ምን ያህል ርቆ ሊሄድ እንደሚችል የቤልጂየም ተሞክሮ ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ1999 መጀመሪያ በዚያች አገር ለመኖ ግብዓትነት ከተሰበሰበ ቅባት ጋር የኤሌክትሪክ ትራንስፎርመር ዘይት ተቀላቀለ። የገባው መርዛማ ንጥረ ነገር በአሥሮች በሚቆጠር ኪሎ ግራም የሚገመት ነበር። ሆኖም ከመኖ ጋር ተደባልቆ ወደ ብዙ የእርባታ ጣቢያዎች በመሠራጨቱ በመጀመሪያ እንቁላሎች መፈልፈል ተሳናቸው፣ ጫጩቶችም ታመው ሞቱ። ጉዳዩ በግንቦት ወር ለሕዝብ ይፋ ሲሆን ዶሮና እንቁላል ከገበያ እንዲሰበሰብ ተደረገ፤ የጤናና የግብርና ሚኒስትሮቹም ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ያ ክስተት የደረሰው የተደራጀ ቁጥጥርና ላቦራቶሪ ባለበት አገር ነው። በአንድ ጓሮ ውስጥ በአንድ የተበከለ ጀሪካን የሚደርሰው ጉዳት በመጠኑ አነስተኛ ቢሆንም፣ እንቁላሉን በየዕለቱ የሚመገቡት የዚያው ቤት ልጆች በመሆናቸው ለቤተሰቡ ቀላል አይደለም፤ መርምሮ የሚደርስበትም አካል ላይኖር ይችላል።

ስለሆነም ደንቡ አጭርና ግልጽ ሊሆን ይገባል፤ ቀድሞ ምን እንደነበረበት የማይታወቅ ዕቃ የዶሮ መመገቢያ አይሆንም። ከገበያ የሚገዙ አሮጌ ጀሪካኖች ብዙውን ጊዜ ታሪካቸው የማይታወቅ በመሆኑ፣ ቤተሰቡ ራሱ ዘይት የተጠቀመበትን ጀሪካን መምረጡ ይመከራል።

የተቆረጠ ጠርዝና የወዳደቀ ሽቦ

ሁለተኛው የአደጋ ምንጭ ስለት ነው። የተቆረጠ ጣሳና ቆርቆሮ እንደ ቢላ ስል ጠርዝ ይኖረዋል። ዶሮዋ መኖ ለመልቀም አንገቷን በምታስገባበትና በምታወጣበት ጊዜ ራሷ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ፣ ከመንቆሯ ሥር የተንጠለጠለው ቆዳና ዓይኗ ለጉዳት ይጋለጣሉ። ጉዳቱ በቁስሉ ብቻ አያበቃም። ዶሮዎች ቀይ ነገር ሲያዩ የመንቆር ባሕርይ ስላላቸው፣ አንዲት የደማች ዶሮ በሌሎቹ ተነቅራ ልትሞት ትችላለች፤ ልማዱም ወደ መንጋው ሊዛመት ይችላል።

መፍትሔው ወጪ የማይጠይቅ ነው። የጣሳው ወይም የቆርቆሮው ጠርዝ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ውጭ ታጥፎ በመዶሻ ተቀጥቅጦ እንዲተኛ ማድረግ፣ አለዚያም አሮጌ የውሃ ጎማን በቁመቱ ሰንጥቆ ጠርዙን ማልበስ ይቻላል። ፕላስቲክ ሲሆን የተቆረጠው ጠርዝ በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፤ ፍርፋሪው ተጠርጎ ይወገዳል እንጂ በዶሮዎች ቤት ውስጥ አይተውም። ቀርከሃና እንጨትም ስንጥራቸው ተልጎ መጥፋት ይኖርበታል። ከአሮጌ የመኪና ጎማ የሚሠራ ገንዳ ደግሞ ሲቆረጥ ከውስጡ ቀጫጭን የብረት ክሮች የሚወጡ በመሆኑ፣ እነዚህን ሙሉ በሙሉ መሸፈን ካልተቻለ ባይሠራ ይመረጣል።

ሥራው በአግባቡ መጠናቀቁን ለማረጋገጥ ቀላል ዘዴ አለ። ቁራጭ ጨርቅ ወስዶ በጠርዙ ዙሪያ መሳብ ነው። ጨርቁ አንድ ቦታ ከያዘው ወይም ክሩ ከተመዘዘ፣ ያ ጠርዝ የዶሮንም ቆዳ ይይዛል ማለት ነው።

ከጠርዙ በተጨማሪ መመገቢያው የታሰረበትና የተጠገነበት ነገር ትኩረት ይሻል። ዶሮ የሚያብረቀርቅ ትንሽ ነገር ካየች ትውጣለች። የሽቦ ቁራጭና ጥቃቅን ምስማር ምግብ ወደሚፈጭበት ጡንቻማ የሆድ ክፍል ሲደርስ ሊበሳውና ዶሮዋን ሊገድል ይችላል። ሲባጎና የማዳበሪያ ከረጢት ክር በበኩላቸው ይዋጣሉ፣ በእግሯም ላይ ተጠምጥመው ደም እንዳይዘዋወር ያደርጋሉ። በመሆኑም የሽቦ ጫፎች ወደ ውጭ ተቆልምመው መታጠፍ፣ የገመድ ጫፎች መቋጠር፣ ከሥራ የተረፈ ቁርጥራጭም በዚያው ቀን ተለቅሞ መወገድ አለበት።

ከፍታ፣ ስፋትና ቀዳዳ

መመገቢያው ለዶሮዎቹ ዕድሜና ብዛት የማይመጥን ከሆነ ንጹሕ መሆኑ ብቻውን በቂ አይሆንም። በመስኩ የተለመደው መለኪያ የመመገቢያው አፍ ከዶሮዋ ጀርባ ጋር ትክክል እንዲሆን የሚያደርግ ነው። ከዚያ ዝቅ ካለ ዶሮዋ በእግሯ ትጭራለች፣ ትገባበታለች፣ ኩሷንም ትጥልበታለች። ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ አቅመ ደካማዎቹ መድረስ ይሳናቸዋል። ዶሮዎቹ በዕድሜ ባደጉ ቁጥር መመገቢያውን በጡብ ወይም በድንጋይ ከፍ ማድረግ፣ የሚንጠለጠል ከሆነም ገመዱን ማሳጠር ያስፈልጋል።

የሚሞላው መኖ ከመመገቢያው ጥልቀት አንድ ሦስተኛ ባይበልጥ ይመረጣል። እስከ አፉ የተሞላ ገንዳ ብዙ መኖ ይባክንበታል። ይህ ቁጠባ በአኃዝ ሲታይ ቀላል አይደለም። አንዲት እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን 120 ግራም ገደማ መኖ የምትመገብ ሲሆን፣ 50 ዶሮዎች በቀን 6 ኪሎ ግራም ይፈልጋሉ። ከዚህ ውስጥ አሥር በመቶው ቢደፋ በቀን 600 ግራም፣ በዓመት ደግሞ 219 ኪሎ ግራም ማለትም ከሁለት ኩንታል በላይ ይሆናል። መኖ ከእርባታው ጠቅላላ ወጪ ከ60 እስከ 70 በመቶ የሚሸፍን ከመሆኑ አንጻር፣ በአግባቡ ያልተሠራ መመገቢያ “ርካሽ” የሚባለው ለሠሪው በዕለቱ ብቻ ነው።

ዶሮዎች ከላይ እንዳይቆሙበት በገንዳው ላይ በሁለት ጫፉ በምስማር ተይዞ የሚሽከረከር ቀጭን ዘንግ ማኖር ይቻላል። ዶሮዋ ልትቆምበት ስትሞክር ዘንጉ ስለሚዞር ትወርዳለች፤ ኩሷም መኖው ላይ አይወድቅም። በኩስ አማካይነት የሚተላለፉ እንደ ኮክሲዲዮሲስና ሳልሞኔላ የመሳሰሉ በሽታዎች ሥርጭትም በዚህ ቀላል ብልሃት ይቀንሳል።

ስፋትን በተመለከተ ለአንዲት ጫጩት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት 2 ነጥብ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ለእንቁላል ጣይ ዶሮ ደግሞ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል የገንዳ ጠርዝ ሊደርሳት ይገባል። በመሆኑም 50 እንቁላል ጣይ ዶሮዎች በአጠቃላይ 5 ሜትር ጠርዝ ያስፈልጋቸዋል። ገንዳው ከሁለቱም ወገን የሚበላበት ከሆነ 2 ሜትር ተኩል ርዝመት ይበቃል። ይህ ካልተሟላ ጉልበተኞቹ ደካማዎቹን እየገፉ ስለሚመገቡ የመንጋው ዕድገት ይዛነፋል፤ መናቆርም ይበረታል።

ከባልዲ ወይም ከጀሪካን የሚሠራና በቀዳዳ የሚበላበት መመገቢያ ለብክነት መቀነስ ተመራጭ ቢሆንም ለጫጩቶች ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለትላልቅ ዶሮዎች የተበሳ ቀዳዳ ጫጩትን ሙሉ በሙሉ ስለሚያስገባ፣ ጫጩቷ ውስጥ ገብታ መውጣት ሊሳናት ይችላል። በጣም የጠበበ ቀዳዳ ደግሞ ጭንቅላት አስገብቶ አይመልስም። መመዘኛው ራስ ያለ ችግር ገብቶ የሚወጣበት፣ ትከሻ ግን የማያልፍበት መሆኑ ነው። ጫጩቶችን ከትላልቆቹ ለይቶ፣ በዝቅተኛና ለእነርሱ በተሠራ ገንዳ መመገብ ከሁሉም የተሻለ ነው። ለዚህም ለሁለት የተሰነጠቀ ቀርከሃ ጠቃሚ ነው፤ በጫፎቹ ያሉት አንጓዎች እንደ መክደኛ ሆነው መኖው እንዳይፈስ ያደርጋሉ።

ሚዛንም ሊዘነጋ አይገባም። ቀላል ፕላስቲክ በቀላሉ ስለሚገለበጥ ጫጩቶችን ከሥሩ አፍኖ ሊገድል ይችላል። ሥሩን በድንጋይ ማክበድ ወይም ከግድግዳ ጋር ማሰር ያስፈልጋል። ገበቴና ሸክላ በክብደታቸው ምክንያት በዚህ ረገድ የተሻሉ ናቸው። ከመመገቢያው አጠገብ የሚቀመጠው የውሃ ሳህንም ጫጩቶች ሰጥመው እንዳይሞቱ ጥልቀት የሌለው ሊሆን፣ በውስጡም ንጹሕ ጠጠሮች ሊደረጉበት ይገባል።

እርጥበት፣ ሻጋታና አይጥ

በአግባቡ የተሠራ መመገቢያም ቢሆን በአግባቡ ካልተያዘ የበሽታ ምንጭ ይሆናል። በበቆሎ፣ በፉርሽካና በኑግ ፋጉሎ የተዘጋጀ መኖ እርጥበት ካገኘ በፍጥነት ይሻግታል። በሻጋታው ሳቢያ የሚፈጠረው አፍላቶክሲን የተባለው መርዝ የዶሮን ጉበት ይጎዳል፣ የእንቁላል ምርትን ይቀንሳል፣ በሽታ የመቋቋም አቅምንም ያዳክማል። ይህ መርዝ ሊታወቅ የቻለው እ.ኤ.አ. በ1960 በእንግሊዝ አገር ከ100 ሺህ በላይ የቱርክ ዶሮዎች የሻገተ የለውዝ ፋጉሎ ተመግበው ካለቁ በኋላ በተደረገ ምርምር ነው። አፍላቶክሲን በማብሰል በቀላሉ የሚጠፋ አይደለም፤ የሻገተ መኖን በደረቅ መኖ ደባልቆ መስጠትም መርዙን ለብዙ ዶሮዎች ማዳረስ ነው።

ስለሆነም መመገቢያው ዝናብና የውሃ ፍንጣቂ ከማይደርስበት ቦታ ሊቀመጥ፣ ከመጠጫውም ሊርቅ ይገባል። በገንዳው ሥር ጥቃቅን ቀዳዳዎችን መብሳት በድንገት የገባ ውሃ እንዲወጣ ይረዳል። በየማለዳው አዲስ መኖ ከመጨመሩ በፊት በማዕዘኖቹ ተጣብቆ ያደረውን አሮጌ መኖ መጥረግ፣ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ደግሞ መመገቢያውን አጥቦ በፀሐይ ማድረቅ ያስፈልጋል። መታጠቢያ የማይመች ጠባብ ጥግ ያለው መመገቢያ ከመነሻው ባይሠራ ይሻላል።

በማታ መኖ የተሞላ መመገቢያ አይጥን ይጠራል፤ በቀንም ክፍት ሆኖ የተተወ የዱር ወፎችን ይስባል። ሁለቱም በሽታ አመላላሽ ሊሆኑ ይችላሉ። የአይጥ መርዝ በዶሮ ቤት ውስጥ ማስቀመጥም ለዶሮዎቹ አደገኛ በመሆኑ፣ የሚሻለው የተረፈውን መኖ ማታ ሰብስቦ ክዳን ባለው ዕቃ ማስቀመጥ ነው። መመገቢያን ከጎረቤት መዋዋስም አይመከርም፤ በተለይ ፈንግል በተከሰተበት አካባቢ ዕቃው ራሱ በሽታውን ከጓሮ ወደ ጓሮ ያሻግራል።

ከአመራሩና ከባለሙያው የሚጠበቀው

ዶሮ የማሠራጨት ሥራ በአብዛኛው በቁጥር ይገመገማል። ስንት ጫጩት ደረሰ፣ ስንት ቤተሰብ ተጠቀመ፣ ስንት ማኅበር ተደራጀ የሚሉት በየሪፖርቱ ይሰፍራሉ። ጫጩቶቹ በምን ላይ እየተመገቡ እንደሆነ የሚገልጽ ዓምድ ግን እምብዛም አይታይም። ይህን ለማሟላት ከፍተኛ በጀት አያስፈልግም። የልማት ጣቢያ ሠራተኞች በርክክብ ወቅትና ከዚያም በሚያደርጉት ክትትል የሚከተሉትን አምስት ነጥቦች በማየት በጥቂት ደቂቃዎች ማረጋገጥ ይችላሉ።

አንደኛ፣ መመገቢያው የተሠራበት ዕቃ ቀድሞ ምን እንደነበረበት ባለቤቱ ይናገራል ወይ? ሁለተኛ፣ በጠርዙ ላይ የተሳበ ጨርቅ ሳይያዝ ያልፋል ወይ? ሦስተኛ፣ የመመገቢያው አፍ ከዶሮዎቹ ጀርባ ጋር ትክክል ነው ወይ፣ ቢገፋስ ይገለበጣል ወይ? አራተኛ፣ ጠርዙ ለዶሮዎቹ ብዛት ይበቃል ወይ? አምስተኛ፣ በማዕዘኖቹ የተጣበቀ፣ የረጠበ ወይም የሻገተ መኖ አለ ወይ?

ከፀረ ተባይ ዕቃ የተሠራ መመገቢያ ከተገኘ ወዲያውኑ ከነመኖው እንዲነሳ፣ እንቁላሉም የእንስሳት ጤና ባለሙያ እስኪያማክር ድረስ ለምግብም ሆነ ለገበያ እንዳይቀርብ ማድረግ ተገቢ ነው። ይሁንና አርቢውን ከመውቀስ ይልቅ በምትኩ ደኅንነቱ የተጠበቀ ዕቃ የሚያገኝበትን መንገድ ማሳየት ይበልጥ ውጤታማ ይሆናል። ሰው የመርዝ ዕቃን ለመኖ የሚያውለው አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ስላጣ ነውና። በየአርሶ አደሮች ማሠልጠኛ ማዕከላት በአግባቡ የተሠሩ ሁለትና ሦስት ናሙናዎችን አስቀምጦ ማሳየት፣ ጀሪካን በብዛት የሚተርፋቸው ምግብ ቤቶችና የተማሪ ምገባ የሚያካሂዱ ትምህርት ቤቶች የምግብ ዘይት ዕቃዎቻቸውን ለአርቢ ማኅበራት እንዲሰጡ ማስተባበር ከወረዳ ጽሕፈት ቤት አቅም በላይ አይደለም።

ሌላው መታየት ያለበት ባዶ የፀረ ተባይ ዕቃዎች ከምንጩ የሚሰበሰቡበት አሠራር ነው። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ከወጣ ዓመታት ተቆጥረዋል። ባዶው ዕቃ በየማሳውና በየገበያው እስካለ ድረስ ግን ወደ ጓሮ መግባቱ አይቀርም። የኅብረት ሥራ ማኅበራትና የመድኃኒቱ አከፋፋዮች ባዶ ዕቃን መልሰው እንዲረከቡ ከግብርና ጽሕፈት ቤቶች ጋር ተቀናጅተው መሥራታቸው ለዶሮ እርባታው ብቻ ሳይሆን በተመሳሳይ ዕቃ ውሃ ለሚቀዳው ቤተሰብ ጭምር የሚበጅ ይሆናል።

አበው “የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች” ይላሉ። የመመገቢያ ወጪን ለመቆጠብ ሲባል ዶሮውን፣ መኖውንና የቤተሰብን ጤና ማጣት የዚሁ ዓይነት ኪሳራ ነው። ወጪ ቆጣቢነትና ደኅንነት ግን አብረው መሄድ የሚችሉ ናቸው። የሚያስፈልገው ታሪኩ የሚታወቅ ጀሪካን፣ የታጠፈ ጠርዝ፣ ተገቢ ከፍታና በየማለዳው የሚጠረግ ገንዳ ሲሆን፣ ይህንን አረጋግጦ ጫጩቶቹን ማስረከብ የሥርጭቱ ሥራ አንድ አካል ተደርጎ ሊወሰድ ይገባል።